በሕክምና ትምህርት የኦንላይን ትምህርት ምርምር ወዴት እያመራ ነው? የአዝማሚያ ጥናት አሠራር ከጥያቄ እስከ ካርታ

ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ «ኦንላይን ለርኒንግ» እና «ሜዲካል ኤጁኬሽን» የሚሉትን ሐረጎች አስገብቶ በጎን የሚወጣውን የዓመታት ግራፍ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግራፉ ለረጅም ጊዜ በዝግታ ይወጣል፤ 2020 ላይ ሲደርስ ሽቅብ ይመነጠቃል። ብዙ የአዝማሚያ ጥናት ከዚህ ግራፍ ብዙም ሳይርቅ ያልቃል። ግራፉ ውስጥ ግን ሦስት ነገሮች ተደባልቀዋል፦ የምርምሩ እውነተኛ እድገት፣ በአጠቃላይ የሚታተመው ጽሑፍ መብዛት፣ እና ያው ጉዳይ በየዘመኑ በሌላ ስም መጠራቱ። ከታች ያለው አሠራር ሦስቱን ለይቶ ለማውጣት ነው። የታሰበው ለሕክምና መምህራን፣ ለሬዚደንቶችና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነው፤ ፕሮግራሚንግ ማወቅ አያስፈልግም።

ከፍለጋው በፊት

በቅድሚያ የጥናቱን ዓይነት ለዩ። «ማን፣ መቼ፣ ስለ ምን፣ ምን ያህል ጻፈ» የሚለውን የሚመልሰው ቢብሊዮሜትሪክ ትንተና ነው። «ምን ዓይነት ጥናቶች ተሠርተዋል፣ ክፍተቱስ የት ነው» የሚለው የስኮፒንግ ሪቪው ድርሻ ነው። «የኦንላይን ትምህርት ይሠራል ወይ» የሚለው ደግሞ ሲስተማቲክ ሪቪውና ሜታ-አናሊሲስ (የጥናቶችን ውጤት ሰብስቦ በአንድ ላይ የሚያሰላ ትንተና) ይፈልጋል፤ የአዝማሚያ ጥናት ይህን ሊመልስ አይችልም። ከጽሑፍ ብዛት ተነሥቶ «ስለዚህ ውጤታማ ነው» ብሎ የሚደመድም ረቂቅ ገምጋሚ ዘንድ የሚወድቀውም በዚሁ ነው። ለአዝማሚያ የሚያዋጣው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማጣመር ነው፤ ሙሉውን ክምችት በሶፍትዌር መቁጠር፣ ከውስጡ በዕጣ የወጣ ናሙና ደግሞ በሰው ዓይን ማንበብ።

ቀጥሎ ወሰኑን በጽሑፍ አስቀምጡ። የቅድመ ምረቃ ተማሪዎች ብቻ ናቸው ወይስ ሬዚደንቶችና በሥራ ላይ ያሉ ሐኪሞችም ይገባሉ? ነርሲንግና ፋርማሲስ? የቀዶ ሕክምና ልምምድ በአሻንጉሊት አካል ላይ ሲሠራ «ኦንላይን» አይደለም፤ በኮምፒዩተር የሚቀርብ ቨርቹዋል ታማሚ ግን ነው። የቴሌሜዲሲን አሰጣጥን በአካል የሚያስተምር ኮርስ ከወሰኑ ውጭ ነው፤ ምክንያቱም ኦንላይን የሆነው ሕክምናው እንጂ ትምህርቱ አይደለም። ይህን ዓይነቱን የድንበር ጉዳይ ከፍለጋው በፊት ያልወሰነ ቡድን ማጣሪያው መሐል ላይ መከራከር ይጀምራል፤ ያኔ ደግሞ የታለፉት መዝገቦች በአንድ መስፈርት፣ የቀሩት በሌላ ይታያሉ።

ፕሮቶኮሉን (የጥናቱን ዕቅድ) ኦፕን ሳይንስ ፍሬምወርክ በተባለው ድረ ገጽ ላይ መመዝገብ ይቻላል። የሪቪው ዕቅዶች መመዝገቢያ የሆነው ፕሮስፔሮ ስኮፒንግ ሪቪው ስለማይቀበል እዚያ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

ቃላቱ በየዘመኑ

አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እናየዋለን። ዛሬ «ኦንላይን» የምንለው ነገር በ1990ዎቹ ጽሑፎች ውስጥ በብዛት «ኮምፒዩተር-አሲስትድ ኢንስትራክሽን» ይባል ነበር። 2000 አካባቢ «ዌብ-ቤዝድ ለርኒንግ» እና «ኢ-ለርኒንግ» ይበዛሉ፤ ከዚያ «ብሌንድድ ለርኒንግ» (በአካልና በኦንላይን የተቀላቀለ ትምህርት) ይከተላል። ከ2012 ወዲህ «ሙክ» (ለብዙ ሰው ክፍት የሆነ የኦንላይን ኮርስ) እና «ፍሊፕድ ክላስሩም» (ተማሪው ትምህርቱን አስቀድሞ አይቶ ክፍል ውስጥ ልምምድ የሚሠራበት) ጎላ ብለው ይወጣሉ። በመጋቢት 2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ «ኢመርጀንሲ ሪሞት ቲቺንግ» የሚለው ሐረግ ተስፋፋ፤ «ሪሞት» እና «ቨርቹዋል» የሚሉትም ከእሱ ጋር። ቻትጂፒቲ በኅዳር 30 ቀን 2022 ለሕዝብ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ «ላርጅ ላንጉጅ ሞዴል» እና «ጄኔሬቲቭ ኤአይ» ገቡ። እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ቀናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ኦንላይን ለርኒንግ» በሚለው ብቻ የፈለገ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሃያ ዓመታት ባዶ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ከዚያም «መስኩ አዲስ ነው» ብሎ ይጽፋል።

የፍለጋ ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ክፍል ይኑረው። በየክፍሉ ውስጥ ያሉት ቃላት በ«ኦር» ይያያዛሉ፣ ሁለቱ ክፍሎች ደግሞ በ«ኤንድ»። ሲተየቡ ሁሉም በላቲን ፊደል ነው።

በመጀመሪያው ክፍል የትምህርቱ መንገድ ይገባል፦ ኢ-ለርኒንግ፣ ኦንላይን ለርኒንግ፣ ኦንላይን ኮርስ፣ ዌብ-ቤዝድ፣ ኢንተርኔት-ቤዝድ፣ ዲስታንስ ኤጁኬሽን፣ ዲስታንስ ለርኒንግ፣ ሪሞት ቲቺንግ፣ ቨርቹዋል ለርኒንግ፣ ቨርቹዋል ፔሸንት፣ ብሌንድድ ለርኒንግ፣ ፍሊፕድ ክላስሩም፣ ሞባይል ለርኒንግ፣ ሙክ፣ ኮምፒዩተር-አሲስትድ ኢንስትራክሽን። ከእነዚህ ጋር «ኤጁኬሽን፣ ዲስታንስ» እና «ኮምፒዩተር-አሲስትድ ኢንስትራክሽን» የሚሉትን የሜሽ ርዕሶች (ለጽሑፎች የሚለጠፉ ቋሚ የርዕስ ቃላት) ጨምሩ። «ኢ-ለርኒንግ» በሰረዝ፣ ያለ ሰረዝና ተገጥሞ በሦስት መንገድ ስለሚጻፍ ሦስቱንም አስገቡ።

በሁለተኛው ክፍል ተማሪዎቹ ይገባሉ፦ ሜዲካል ኤጁኬሽን፣ ሜዲካል ስቱደንት፣ ሜዲካል ስኩል፣ አንደርግራጁዌት ሜዲካል፣ ሬዚደንሲ፣ ኮንቲኒዊንግ ሜዲካል ኤጁኬሽን፣ ከሜሽ ደግሞ «ኤጁኬሽን፣ ሜዲካል» ከነቅርንጫፎቹ፣ እንዲሁም «ስቱደንትስ፣ ሜዲካል» እና «ኢንተርንሺፕ ኤንድ ሬዚደንሲ»።

በሜሽ ብቻ መተማመን አያዋጣም። የሜሽ ርዕስ የሚለጠፈው ሜድላይን በተባለው የፐብሜድ ዋና ክፍል ውስጥ ላሉ መዝገቦች ነው፤ ፐብሜድ ውስጥ ገብተው ሜድላይን ውስጥ የሌሉ ጽሑፎች አይኖራቸውም። እያንዳንዱ ርዕስ በሜሽ ገጹ ላይ ሥራ ላይ የዋለበት ዓመት ተጽፎለታል፤ ከዚያ ዓመት በፊት የነበሩት ጽሑፎች በሌላ ርዕስ ሥር ሊገኙ ይችላሉ። ሜሽን በርዕስና በአብስትራክት ከሚፈለጉ ቃላት ጋር በ«ኦር» ማያያዝ ይህን ይሸፍናል። ሌላም አለ፤ ፐብሜድ መለያ ያልተሰጠውን ቃል በራሱ ወደ ተዛማጅ ቃላት ያሰፋዋል። እያንዳንዱን ሐረግ በትምህርተ ጥቅስ ከታችሁና «ርዕስና አብስትራክት» የሚለውን መለያ ከሰጣችሁት ይህ ማስፋፋት ይቆማል፤ ፍለጋውም በሌላ ሰው ሊደገም ይችላል።

ግርድ የሚያመጡ ቃላት

«ኦንላይን» የሚለው ቃል በአብስትራክት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ስለ ትምህርት አይደለም። «ለሕክምና ተማሪዎች የኦንላይን መጠይቅ ተላከ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለው የድባቴ ጥናት «ኦንላይን ኤንድ ሜዲካል ስቱደንት» በሚል ፍለጋ ውስጥ በቀጥታ ይገባል። በተለይ ከ2020 በኋላ መጠይቅ ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ስለዞረ ይህ ግርድ እኩል አይበተንም፤ ሽቅብ የተመነጠቀው ግራፍ ላይ ነው የሚከመረው። «ለርኒንግ»ም እንዲሁ ነው፦ ማሽን ለርኒንግ፣ ዲፕ ለርኒንግ፣ በቀዶ ሕክምና ደግሞ ለርኒንግ ከርቭ። «ቨርቹዋል» የሚለው ብቻውን ቨርቹዋል ኮሎኖስኮፒንና ቨርቹዋል አውቶፕሲን ይስባል።

የሚያጓጓው ነገር «ኖት» (ይህ ቃል ያለበት ይውጣ) ብሎ መቁረጥ ነው። አትቁረጡ። «ኖት ማሽን ለርኒንግ» ስትሉ በማሽን ለርኒንግ የተማሪን ደካማ ጎን የሚለይ የኦንላይን መማሪያ ላይ የተሠራው ጥናትም አብሮ ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ዓመታት አዝማሚያ ራሱ ነው። የተሻለው መንገድ የቃላት ቅርበት ነው። «ኦንላይን» ከ«ለርኒንግ»፣ ከ«ኮርስ»፣ ከ«ቲቺንግ» ወይም ከ«ሞጁል» በሦስት ቃል ርቀት ውስጥ እንዲገኝ አዝዙ። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የተባሉት ዳታቤዞች ይህን ይቀበላሉ፤ ስኮፐስ በ«ደብልዩ» እና በቁጥር፣ ዌብ ኦፍ ሳይንስ በ«ኒር» እና በቁጥር። ፐብሜድም ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የቅርበት ፍለጋ አለው፤ ሆኖም እዚያ ውስጥ የኮከብ ምልክት ስለማይሠራ ነጠላውንና ብዙውን ቁጥር ለየብቻ መጻፍ ግድ ነው።

ፍለጋውን ሳትፈትኑ አትቀጥሉ። ሁለት ፈተና ይበቃል። አንደኛው፣ በወሰናችሁ ውስጥ መሆናቸውን የምታውቋቸውን ከ20 እስከ 30 ጽሑፎች ከተለያየ ዘመን ሰብስባችሁ ፍለጋው እንዳገኛቸው ተመልከቱ፤ ያመለጠ ካለ በየትኛው ቃሉ ምክንያት እንዳመለጠ ፈልጉና ያንን ቃል ጨምሩ። ሁለተኛው፣ ከውጤቱ 200 መዝገብ በዕጣ አውጥታችሁ ስንቱ በርግጥ እንደሚመለከታችሁ ቁጠሩ። 200ውን ግን ከ2020 በፊትና በኋላ ለየብቻ አስሉ። ከበፊቱ 90 በመቶ፣ ከኋላው 65 በመቶ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ያልተጣራው ግራፍ የኋለኛውን ዘመን አጋንኖ እያሳየ ነው።

ዳታቤዞቹና ማውጣቱ

ፐብሜድ ነፃ ነው፤ የሜሽ ፍለጋውም ጥሩ ነው። ነገር ግን ከሱ በሚወጣው ፋይል ውስጥ የጽሑፎቹ ዋቢ ዝርዝር ስለማይኖር ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚያሳይ ካርታ በሱ አይሠራም። ለዚያ ስኮፐስ ወይም ዌብ ኦፍ ሳይንስ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በክፍያ ናቸው። የተቋም ምዝገባ ለሌለው ከ2022 ጀምሮ የተከፈተው ኦፕንአሌክስ ነፃ አማራጭ ነው፣ የዋቢ ግንኙነትም አለው። ከትምህርት ሳይንስ ጎን ያለውን ላለማጣት ኤሪክ የተባለውን ዳታቤዝ ጨምሩ፤ እሱም ነፃ ነው። ጉግል ስኮላር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መዝገብ በጅምላ አያወጣም፣ ውጤቱም በድጋሚ ሲፈለግ አንድ ዓይነት አይመጣም።

ዌብ ኦፍ ሳይንስ «ኮር ኮሌክሽን» የሚለው ነገር በሁሉም ተቋም አንድ አይደለም። የተመዘገባችሁባቸውን ኢንዴክሶችና የሚጀምሩበትን ዓመት ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ያለዚያ ሌላ ቦታ ያለ ተመራማሪ ያንኑ ፍለጋ ደግሞ ሌላ ቁጥር ያገኛል።

ማውጣቱን በሁሉም ዳታቤዝ በአንድ ቀን ጨርሱ። ፐብሜድ ከድረ ገጹ በአንድ ጊዜ እስከ 10,000 መዝገብ ይሰጣል፤ ዌብ ኦፍ ሳይንስ ከነዋቢ ዝርዝሩ ሲሆን 500 ብቻ፣ ስለዚህ በ1–500፣ 501–1000 እያሉ መቁረጥ አለ። ሲያወጡ ቅደም ተከተሉን በቀን አድርጉት፤ በ«ተዛማጅነት» ከተደረደረ በሁለት ማውጫ መሐል ቦታቸው ተለዋውጦ መዝገብ ሊደገም ወይም ሊጠፋ ይችላል። ፍለጋው የተካሄደበትን ቀን፣ ሙሉውን ዓረፍተ ነገርና የመጣውን ቁጥር በአንድ ሰንጠረዥ መዝግቡ።

የወጣውን ሲኤስቪ በኤክሴል ከፍቶ መልሶ ማስቀመጥ የተለመደ ጥፋት ነው። አንድ የኤክሴል ሕዋስ ከ32,767 ፊደል በላይ አይዝም፤ ብዙ ዋቢ ያለው ሪቪው ዝርዝሩ ይቆረጣል ወይም ወደ ታችኛው ረድፍ ይፈስሳል፣ የደራሲ ስም ውስጥ ያሉ ምልክት ያላቸው ፊደላትም ይበላሻሉ። ዋናውን ፋይል ሳትነኩ አኑሩት፤ ማየት ከፈለጋችሁ ቅጂውን ክፈቱ።

ድግግሞሽ ስታስወግዱ መጀመሪያ በዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ ዲጂታል መለያ) አመሳስሉ፤ ከማመሳሰሉ በፊት ሁሉንም ወደ ትንሽ ፊደል ቀይሩ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን የድረ ገጽ አድራሻም አንሡ። ዲኦአይ የሌላቸውን በርዕስና በዓመት አመሳስሉ። እዚህ ላይ አንድ ዓመት ልዩነትን ፍቀዱ፤ ጽሑፉ በኢንተርኔት ታኅሣሥ 2019 ወጥቶ በመጽሔቱ እትም 2020 ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ከሁለቱ ዓመት የትኛውን እንደምትወስዱ አንዴ ወስኑና በሁሉም ላይ ተግብሩ። ፕሪፕሪንት (ከግምገማ በፊት የወጣው ረቂቅ) እና የታተመው ቅጂ እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

ማጣራትና ስምምነት

ርዕስና አብስትራክትን ሁለት ሰው ተለያይቶ ያንብብ፤ ሦስተኛ ሰው ልዩነቱን ይፍታ። ራያን የተባለው መሣሪያ አንዱ የሌላውን ውሳኔ እንዳያይ ይሸፍናል። ሁሉንም ከመጀመራችሁ በፊት በ200 መዝገብ ሞክሩና ካፓን (በዕድል የሚገኘውን ስምምነት ቀንሶ የሚለካውን ቁጥር) አስሉ። የስምምነት መቶኛ ብቻ ለምን እንደማይበቃ በአንድ ምሳሌ እንይ። ሁለቱም «ይግባ» ያሉት 150፣ ሁለቱም «ይውጣ» ያሉት 24፣ የመጀመሪያው ብቻ ያስገባው 16፣ ሁለተኛው ብቻ ያስገባው 10 ይሁን። ስምምነቱ 174 ከ200 ወይም 0.87 ነው፤ ጥሩ ይመስላል። ግን የመጀመሪያው 83 በመቶውን፣ ሁለተኛው 80 በመቶውን ስላስገቡ በዕድል ብቻ የሚገጥሙት 0.83 × 0.80 ሲደመር 0.17 × 0.20፣ ማለትም 0.698 ነው። ካፓ (0.87 − 0.698) ÷ (1 − 0.698) ሲሆን 0.57 ይመጣል። ይህ መካከለኛ ስምምነት ነው። ያልተስማሙባቸውን 26ቱን አንድ ላይ ተቀምጦ ማየት፣ መስፈርቱን ማስተካከልና በሌላ 200 እንደገና መሞከር ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ከ26ቱ ብዙዎቹ በአንድ ወይም በሁለት የድንበር ጉዳይ ላይ ተከማችተው ይገኛሉ።

የተጣለውን መዝገብ ከዋናው ፋይል ለማውጣት በእጅ ረድፍ መሰረዝ ከላይ ያልነውን ብልሽት ያመጣል። የተሻለው ዘዴ የጸደቁትን ጽሑፎች የመዝገብ መለያ ቁጥር በ«ኦር» አያይዞ ስኮፐስ ወይም ዌብ ኦፍ ሳይንስ ውስጥ እንደገና መፈለግና ያንን ንጹሕ ስብስብ አዲስ ማውጣት ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

ጥሬ ብዛት ብቻውን አዝማሚያ አይደለም። አካፋይ ያስፈልገዋል። ሁለተኛውን የፍለጋ ክፍል፣ ማለትም ሕክምና ትምህርትን የሚመለከተውን፣ ለብቻው አካሂዱና በየዓመቱ የመጣውን ቁጥር ውሰዱ፤ ፐብሜድ ከዓመታት ግራፉ ሥር ይህን በሲኤስቪ ያወርዳል። ከዚያ የኦንላይኑን ለጠቅላላው አካፍሉ። ለማሳያ ያህል በተፈጠረ ቁጥር፦ በአንድ ዓመት ከ10,000 ውስጥ 400፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከ15,000 ውስጥ 1,500 ቢገኝ ጥሬው ቁጥር 3.75 እጥፍ አድጓል፤ ድርሻው ግን ከ4 በመቶ ወደ 10 በመቶ፣ ማለትም 2.5 እጥፍ ነው። መታተም ያለበት የኋለኛው ነው። ከላይ በ200 ናሙና ያገኛችሁትን የትክክለኛነት መጠን በየዘመኑ ካባዛችሁበት ደግሞ ዕድገቱ የበለጠ ሊቀንስ ይችላል።

ያላለቀውን ዓመት ከግራፉ አውጡ። በመስከረም የተፈለገ ፍለጋ የዚያን ዓመት ዘንግ አጭር አድርጎ ያሳያል፤ «ፍላጎቱ እየቀዘቀዘ ነው» የሚል ስህተት ከዚህ ይወለዳል። ያለፈው ዓመትም ቢሆን መዝገቡ እስኪገባ ወራት ይወስዳል።

ሳይቴሽን (ጽሑፉ በሌሎች የተጠቀሰበት ብዛት) ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። የቆየ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ መጠቀሱ ዕድሜው ነው፤ በዓመት አካፍሉት፣ በአንድ ዘመን ውስጥ ያሉትን ብቻ አወዳድሩ። የአገሮች ደረጃ ሰንጠረዥም ብዙ አይነግርም፤ ዳታቤዞቹ በእንግሊዝኛ የሚታተመውን ስለሚያደሉ የሚለካው ቋንቋውን ጭምር ነው። «ዋንግ ዋይ» ወይም «ሊ ጄ» ተብለው የተመዘገቡ ደራሲዎች ብዙ የተለያዩ ሰዎች ስለሚሆኑ የ«ከፍተኛ ደራሲያን» ዝርዝር ያለ ኦርሲድ (ለእያንዳንዱ ተመራማሪ የሚሰጥ) መለያ ባይወጣ ይሻላል።

ካርታውን መሥራት

ቪኦኤስቪወር በላይደን ዩኒቨርሲቲ በኔስ ያን ቫን ኤክና በሉዶ ዋልትማን የተሠራ ነፃ ሶፍትዌር ነው። አር የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚችል ቢብሊዮሜትሪክስ የተባለው ጥቅል ከነቢብሊዮሻይኒ ገጹ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ቪኦኤስቪወር በአንድ ካርታ የአንድ ዳታቤዝ ፋይሎችን ብቻ ይቀበላል፤ ስለዚህ ለካርታው አንዱን ዋና አድርጉ፣ ሌላውን ሽፋኑን ለማመሳከር ተጠቀሙበት። የዋቢ አጻጻፋቸው ስለሚለያይ የሁለቱን ዝርዝር ደባልቆ የጋራ ጥቅስ ካርታ መሥራት የማይታመን ውጤት ይሰጣል።

ፋይሉን ከጫናችሁ በኋላ «ኮ-ኦከረንስ» (አብሮ መምጣት) የሚለውን፣ ከሥሩም «ኦተር ኪወርድስ» (ደራሲዎቹ ራሳቸው የሰጧቸው ቁልፍ ቃላት) ምረጡ። «ኦል ኪወርድስ» ከመረጣችሁ ስኮፐስ በራሱ የለጠፋቸው «ሂውማን»፣ «አርቲክል»፣ «ፊሜል» የሚሉ ቃላት በካርታው መሐል ትልልቅ ክብ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ይህን ሳያስተውሉ ያሳተሙ ካርታዎች ጥቂት አይደሉም።

ቀጥሎ የቴሳውረስ ፋይል (ተመሳሳይ ቃላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ዝርዝር) ነው፤ ያለሱ ካርታው ዋጋ የለውም። ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በታብ የተለዩ ሁለት ዓምዶች አሉት፣ የመጀመሪያው ረድፍ «ሌብል» እና «ሪፕሌስ ባይ» ይላል። በግራው የተገኘው ቃል፣ በቀኙ የሚተካው። «ኮቪድ-19»፣ «ሳርስ-ኮቭ-2» እና «ኮሮናቫይረስ» ወደ አንድ፣ «ኢለርኒንግ» በሦስቱም አጻጻፍ ወደ አንድ፣ ነጠላና ብዙ ቁጥር ወደ አንድ። የፍለጋችሁን ቃላት ራሳቸውን፣ ለምሳሌ «ሜዲካል ኤጁኬሽን»ን፣ ቀኙን ባዶ አድርጋችሁ ከካርታው አስወጡ፤ በሁሉም ጽሑፍ ውስጥ ስላሉ ከሁሉም ጋር ተያይዘው ክላስተሮቹን (አብረው የሚመጡ ቃላት ስብስቦችን) ይጨፈልቃሉ። ነገር ግን «ዌብ-ቤዝድ»ን ከ«ኦንላይን» ጋር ለማዋሃድ አትቸኩሉ። ሁለት ካርታ ሥሩ፤ አንዱ የመንገድ ስሞቹ ሳይዋሃዱ፣ ሌላው ተዋህደው። በመጀመሪያው ላይ የታየ «አዲስ ክላስተር» በሁለተኛው ከጠፋ የተለወጠው ስሙ ነው። በሁለተኛውም ከቀጠለ የተጠናው ነገር ተለውጧል ማለት ነው።

የዝቅተኛ ድግግሞሽ ገደቡ ሲከፈት 5 ላይ ነው። ከ50 እስከ 100 ቃል እስኪቀር ድረስ ከፍ አድርጉት፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አይነበብም። «ሬዞሉሽን» የሚለውን፣ ማለትም ክላስተሮቹ ምን ያህል እንደሚከፋፈሉ የሚወስነውን፣ ከ1.0 ወደ 0.8 እና ወደ 1.2 ቀይራችሁ እዩ፤ ትንሽ ሲነካ የሚበተን ክላስተር ላይ መደምደሚያ አትመሥርቱ። ዘመንን በቀለም የሚያሳየው «ኦቨርሌይ» የቃሉን አማካይ ዓመት ስለሚወስድ ከ2020 በኋላ ያለው ጎርፍ ሁሉንም ወደ ቅርብ ጊዜ ይጎትታል፤ የቀለሙን መነሻና መድረሻ ዓመት በእጅ ወስኑ፣ ከተቻለም በዘመን ከፍላችሁ የተለያዩ ካርታዎች አውጡ። የካርታው ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ምንም ትርጉም የለውም፤ ትርጉም ያለው በቃላት መካከል ያለው ርቀት ነው።

ለክላስተር ስም ከማውጣታችሁ በፊት ከየክላስተሩ አሥር ጽሑፍ አንብቡ። የምርምሩን ግንባር ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከጋራ ጥቅስ ይልቅ «ቢብሊዮግራፊክ ካፕሊንግ» ይሻላል። የጋራ ጥቅስ ሁለት ጽሑፎች በሌሎች አንድ ላይ እስኪጠቀሱ ስለሚጠብቅ ወደ ኋላ ያያል፤ ካፕሊንግ ግን ሁለት ጽሑፎች የሚጋሩትን ዋቢ ስለሚቆጥር ትናንት የታተመውንም ያስቀምጠዋል።

ናሙናውን በሰው ዓይን

ካርታ ርዕስ ያሳያል፣ የጥናቱን ጥራትና ዓላማ አያሳይም። በዚህ መስክ ደግሞ ዋናው ወሬ ያለው እዚያ ነው። ዴቪድ ኩክና ባልደረቦቹ በ2008 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ሜታ-አናሊሲስ 201 ጥናቶችን ሰብስበው ነበር። በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ምንም ካለመማር ጋር ሲነጻጸር በዕውቀት ላይ ያለው የውጤት መጠን (በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት ስፋት) 1.00 ገደማ ሲሆን፣ ከሌላ የማስተማሪያ ዘዴ ጋር ሲነጻጸር 0.12 ብቻ ነው። ተማሪ ምንም ካልተማረው ጓደኛው በላይ ማወቁ የሚያስገርም አይደለም። ኩክ ከዚያ ቀደም ብሎ በ2005፣ ሪቻርድ ክላርክ ደግሞ በ1983 ያቀረቡት ክርክር ይኸው ነው፦ መሣሪያን ከመሣሪያ ማወዳደር ፍሬ የለውም፤ መጠየቅ ያለበት መቼና እንዴት ሲቀርብ የተሻለ ይሠራል የሚለው ነው። ሂው እና ሎ በ2018 ስለ ፍሊፕድ ክላስሩም ያወጡት 28 ጥናቶችን የያዘ ሜታ-አናሊሲስ 0.33 የውጤት መጠን አግኝቷል፤ እዚያም ቢሆን ልዩነቱን ያመጣው ቪዲዮው ይሁን ወይስ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ልምምድ የሚለው የንድፍ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ኮድ የምትሰጡት ለአራት ነገር ይሁን። የመጀመሪያው ንጽጽሩ ነው፤ ከምንም ጋር፣ ከአካል ትምህርት ጋር፣ ወይስ ከሌላ የኦንላይን ንድፍ ጋር። ሁለተኛው ዓላማ ነው። ኩክ፣ ቦርዳዥና ሽሚት በ2008 የሕክምና ትምህርት ጥናቶችን «የሚገልጽ»፣ «የሚያረጋግጥ» እና «የሚያብራራ» ብለው ከፍለው 105 ሙከራዊ ጽሑፎችን ሲመድቡ፣ 72 በመቶው «ይሠራል ወይ» የሚል ማረጋገጫ፣ «ለምንና እንዴት» የሚለው 12 በመቶ ብቻ ሆኖ አግኝተውታል፤ ይህ ድርሻ በኦንላይን ትምህርት ከዚያ ወዲህ ተለውጦ እንደሆነ ማየት ራሱን የቻለ አዝማሚያ ነው። ሦስተኛው የኪርክፓትሪክ ደረጃ (የሥልጠና ውጤት የሚመዘንበት አራት ደረጃ) ነው፦ እርካታ፣ ዕውቀት፣ በሥራ ላይ የታየ ባሕርይ፣ ወይስ ታማሚው ላይ የደረሰ ውጤት። አራተኛው ጥራት ነው፤ መርስኪ የተባለው መለኪያ 10 ጥያቄዎችና 18 ከፍተኛ ነጥብ አሉት፣ የተቋማቱን ብዛትም ይመዝናል። ይህ በተለይ ለ2020 እና ለ2021 ጽሑፎች ይጠቅማል። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር መጋቢት 17 ቀን 2020 ተማሪዎች ከታማሚ ጋር የሚገናኙበት ልምምድ እንዲቆም ሲመክር መምህራን በቀናት ውስጥ ወደ ኦንላይን ዞሩ፤ ከዚያ የተጻፈው ብዙው የአንድ ተቋም የእርካታ መጠይቅ ነው። ይህን ሳይለዩ ከታቀዱ ሙከራዎች ጋር መደመር የዘመኑን መልክ ያዛባል።

ናሙናው ስንት ይሁን? ዘመኑን በአራት ከፍላችሁ ከየክፍሉ 75 ብታወጡ፣ 50 በመቶ የሆነ ድርሻ ላይ የስህተት ክልሉ ከላይም ከታችም 11 ነጥብ ያህል ነው። 150 ብታደርጉት ወደ 8 ይወርዳል። በ75 ናሙና ከ40 ወደ 48 በመቶ «አደገ» ማለት አይቻልም።

ሪፖርቱ

ለስኮፒንግ ክፍሉ የ2018ቱን ፕሪዝማ-ኤስሲአር፣ ለፍለጋው ደግሞ 16 ነጥቦች ያሉትን ፕሪዝማ-ኤስ የተባሉትን የሪፖርት አጻጻፍ መመሪያዎች ተከተሉ። የፍለጋ ዓረፍተ ነገሩን ለእያንዳንዱ ዳታቤዝ ሙሉ በሙሉ፣ የቴሳውረስ ፋይሉን፣ የካርታና የኔትወርክ ፋይሎቹን፣ የኮድ መስጫ መመሪያውንም በአባሪ አስገቡ። ከፍለጋው እስከ ማስገቢያ ጊዜ ከስድስት ወር በላይ ካለፈ ፍለጋውን አድሱ፤ ስታድሱ ግን ቃላት አትጨምሩ። አዲስ ቃል መጨመር ካስፈለገ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በሙሉ ክልሉ መካሄድ አለበት፤ አለዚያ የመጨረሻው ዓመት ዕድገት የጨመራችሁት ቃል ውጤት ይሆናል።